የጀማን ሸለቆ በእግር ማንበብ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሙከጡሪ የደረሰ መንገደኛ፣ ከዚያም በስተቀኝ ታጥፎ ወደ ለሚና ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደውን መንገድ ቢይዝ፣ የጤፉና የስንዴው ሜዳ በድንገት ያልቅበትና ከእግሩ ሥር ታላቅ ገደል ተከፍቶ ያያል። ይኸውም የጀማ ሸለቆ ነው። ጀማ የሸዋን ደጋ ውሃ ሰብስቦ ወደ ዓባይ የሚያወርድ ወንዝ ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ።

ብዙዎቻችን ይህን ገደል በአውቶቡስ መስኮት አይተን አልፈናል። ዳሩ ግን ሸለቆ በመስኮት አይጠናም። በመኪና የወረደ ሰው ያየው ገደል ብቻ ነው፤ በእግሩ የወረደ ግን የምድርን ታሪክና የእንስሳትን ኑሮ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይገልጣል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብና በምን ጥንቃቄ እንደሚወረድ ለማስረዳት እንሞክራለን።

1ኛ፤ ድንጋዩ

ከላይ የምናገኘው ጥቁሩ ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈላ ቅላጭ ድንጋይ በየጊዜው እየፈሰሰና እየተነባበረ የደጋውን አገር ሸፈነው። ገደሉ እንደ ደረጃ እርከን እርከን የሆነው ስለዚህ ነው። ከዚያ በታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎም የኖራ ድንጋይና ጀሶ ይገኛሉ። የኖራው ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ቀረብ ብሎ ለሚመለከተው ሰው የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርጽ ይታይበታል። ምክንያቱም በዚያን ዘመን ይህ አገር ከባሕር በታች ነበረ። በኋላ ምድሩ ወደ ላይ እየተነሣ ሲሄድ ወንዞቹ ደግሞ ወደ ታች እየቆረጡ ሄዱ፤ ሸለቆውም እንዲህ ተፈጠረ። ስለዚህ ወደ ታች የሚራመድ ተማሪ ወደ ጥንት ይራመዳል ማለት ነው።

2ኛ፤ አየሩና እንስሳቱ

በጠቅላላው አነጋገር 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። በአፋፉ ጋቢ የለበሰ ሰው በወንዙ ዳር ሸሚዙን ያወልቃል። ገብሱና ስንዴው ቀርቶ ማሽላው ይተካል፤ ግራሩም ይበዛል። እንስሳቱም እንዲሁ ይለዋወጣሉ።

የአፋፉ ባለቤት ጭላዳ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለም። ሌሊቱን ሰውና ነብር በማይደርስበት የገደል ጥርስ ላይ ተደግፎ ያድራል፤ ጧት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ አፋፉ ወጥቶ ይሰማራል። ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ እንደ እርሱ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ የለም፤ ቁጭ እንዳለ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ፣ በመቀመጫው እየተሳበ ይበላል። በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ያስታውቀዋል። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ ብዙ ጎብኚ «ሳቀልን» ይላል፤ ነገሩ ግን ሳቅ ሳይሆን «አትቅረቡኝ» ማለት ነው።

በዚያው ገደል ሽኮኮና ሰስ አሉ። ቀና ላለም ጺም ያለው ታላቅ ጥንብ አንሣ ይታየዋል፤ እርሱም አጥንት ከፍ አድርጎ ወስዶ በዐለት ላይ እየጣለ ሰብሮ ይመገባል። ዝቅ ብለን ደግሞ ፊላ በበቀለበት ምንጭና በማሽላው እርሻ አጠገብ፣ ምንቃሩና የዓይኑ ዙሪያ ቀይ የሆነ ቆቅ እናገኛለን። ይህ ቆቅ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ የሚታወቀውም በተለይ በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ነው። ፊላው ሲታጨድ መደበቂያውን ያጣል።

3ኛ፤ በእግር ወይስ በብስክሌት?

ብስክሌት እስከ አፋፉ ድረስ መልካም ነው። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ በአንድ ቀን ብዙ የአፋፍ ቦታ ያሳያል፤ ድምፅም ስለሌለው እንስሳቱን አያስደነግጥም። ከአፋፉ በታች ግን ነገሩ ይለወጣል። በጠመዝማዛው ቁልቁለት ፍሬን ያለማቋረጥ ሲያዝ ይግላል፣ ይደክማልም፤ ከኋላም ጭነት መኪና ይመጣል። በእግረኛው መንገድ ደግሞ ብስክሌት ጋላቢውን ሳይሆን ጋላቢው ብስክሌቱን ይሸከማል። ስለዚህ ብስክሌቱን ላይ ለታመነ ሰው አደራ ሰጥቶ በእግር መውረድ ይሻላል።

4ኛ፤ ጥንቃቄ

ይህን ክፍል የምጽፈው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። አንድ ጊዜ አምስት ሆነን አርፍደን ወረድን። እየተሳሳቅን በሁለት ሰዓት ተኩል ከወንዙ ደረስን፤ ውሃችንንም እዚያው ጨረስን። ስንመለስ የቀትር ፀሐይ ከዐለቱ ላይ እየነጠረ መታን። ከመካከላችን አንዱ ግማሽ መንገድ ላይ እግሩ ታስሮ፣ ራሱን ዞሮት ወደቀ። ማሽላ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ባይደርሱልንና ከቅላቸው ውሃ ባያጠጡት ኖሮ ምን እንደሚሆን እግዚአብሔር ያውቃል። ስንነሣ፣ «ልጆቼ፣ ከመውረዳችሁ በፊት መውጣታችሁን ቁጠሩ» አሉን። ዳገቱን ለመጨረስ ስድስት ሰዓት ፈጀብን።

እንግዲህ፤

ሀ) ሳይነጋ ተነሡ፤ ለመውጣት ከመውረጃው ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ መድቡ። የውሃችሁንም ግማሽ ለዳገቱ አስቀምጡ።

ለ) በክረምት ወደ ወንዙ አትውረዱ። ከታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በደጋው የዘነበ ዝናብ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። በበጋም ቢሆን በወንዝ መውረጃ ላይ አትደሩ።

ሐ) የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ባለ ሥልጣኖች ሳትጠይቁ፣ መንገዱን የሚያውቅ የአገር ሰውም ሳትይዙ አትሂዱ።

መ) ለጭላዳ ዳቦ አትስጡ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ ከሰው እርሻ ይገባል፤ ድንጋይም ይወረወርበታል።

5ኛ፤ ሣሩ የማን ነው?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። እርሻው ወደ አፋፉ ጫፍ በተጠጋ ቁጥር ጭላዳው ለማረሻ ወደማይመች ቁልቁለት ይገፋል። ገበሬውም ቢሆን በእኛ ሊወቀስ አይገባም፤ ዓመት ሙሉ የለፋበት ገብስ በአንድ ጧት ሲበላበት የሚክሰው የለም። እኛ «ምን ያምራል!» ብለን ፎቶግራፍ አንሥተን ስንመለስ፣ ጭላዳውን ሲጠብቅ የሚውለው የእርሱ ልጅ ነው፤ አንዳንዴም ከትምህርት ቤት ቀርቶ።

ዳሩ ግን መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሕዝብ፣ ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳ ሣርና የግጦሹን መሬት ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል፤ አጨዳውንና ግጦሹን በአንድነት ይዘጋል፣ በአንድነት ይከፍታል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. በመጣው የመሬት ለውጥ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ በኋላ ራሱ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ጓሳው ስለ ተጠበቀ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አሉ። ከዚህ የምንማረው፣ አራዊት የሚድኑት ሣሩ የሚጠቅመው ሰው አብሮ ሲጠብቀው መሆኑን ነው።

መልመጃ

ወደ ሸለቆው የሚወርድ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ለሚከተሉት መልስ ይፈልግ።

1. ባዛልቱ የሚያልቀውና የአሸዋው ድንጋይ የሚጀምረው በየትኛው ስፍራ ነው? በዚያ ስፍራ ምንጭ አለን? ለምን?

2. ጭላዳዎቹ በስንት ሰዓት ከገደሉ ወጡ? በስንት ሰዓትስ ተመለሱ? ከአፋፉ ምን ያህል ራቁ?

3. በአፋፉ ያለውን አንድ ገበሬ ጠይቁ፤ በአባቱ ዘመን እርሻው እስከ የት ይደርስ ነበር?

ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይመልስ የተመለሰ ሰው ሸለቆውን አየ እንጂ አላጠናም።