ሐሳብን ስለ መሰብሰብና በሥርዓት ስለ መሥራት

ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ የሚወርደው የራሃድ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ወደ ሱዳን ይፈስሳል፤ በበጋ ግን ይደርቃል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት የሱዳን መንግሥት የጥቁር ዓባይን ውሃ በሞተር እየሳበ በረጅም ቦይ ወደ ራሃድ አመጣ። በፋው ዙሪያ ጥጥና ለውዝ የበቀለው በዚህ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ረሃብና ጦርነት ያፈናቀሏቸው ብዙ ወገኖቻችንም በዚያው በፋው ተጠልለው ነበር።

የሰው ሐሳብም እንደ ራሃድ ነው፤ አንድ ቀን ይሞላል፣ አንድ ቀን ይደርቃል። ቦይ ካልተቆፈረለት ለሥራ አይደርስም። ቦዩም ልማድ ነው።

አንደኛው ልማድ መጻፍ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሸጦ ከአገሩ ስለ ወጣ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉም ቃላት ያጥሩት ነበር። ረዳቱ አስቴር ጋኖ ግን 15 ሺህ ያህል ቃላት ሰብስባ መዝገብ አበጀችለት፤ ሙሉው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ይህን ያህል ቃል በአንድ ቀን አይሰበሰብም፤ ዛሬ የተገኘውን ግን ዛሬ መጻፍ ይቻላል። እኛም አንዲት ትንሽ ደብተርና እርሳስ ከኪሳችን አንለይ።

ሁለተኛው መለየት ነው። ያየነውን በአንድ ወገን፣ የሰማነውን በሌላ ወገን፣ የገመትነውን ደግሞ ለብቻው እንጻፍ። ብዙ ጠብ የሚነሣው ወሬ እንደ እውነት ሲቈጠር ነውና።

ሦስተኛው ሰዓትን መወሰን ነው። ማለዳ አእምሮ ሳይደክም ከባዱን ሥራ እናስቀድም፤ እርሱ ሳይፈጸም ሌላ አንጀምር። ማታ ደብተሩን ገልጠን የተሠራውን እንሰርዝ፣ የቀረውንም ለነገ እናዛውር።

ይህ ሁሉ ለመመስገን አይደለም። በሽተኛን እጠይቃለሁ ብሎ የረሳ ሰው ምንም አይጐድልበትም፤ በሩን እያየ የሚጠብቀው በሽተኛ ግን ይጐዳል። ለመበለት የተነገረ ተስፋ፣ ለሠራተኛ የሚከፈል ደመወዝ፣ ለልጅ የሚገዛ መጽሐፍ በልባችን ብቻ ቢቀመጥ ከሌላው ሐሳብ ጋር ይፈስሳል። ስለዚህ ሥርዓት ባልንጀራን የመውደድ አንዱ መንገድ ነው።

ለማሰላሰል፦
1. በዚህ ሳምንት ቃል ገብተን ያልጻፍነው ምንድር ነው?
2. በመርሳታችን የሚጐዳው ማን ነው?