ማዶው ለምን ቀርቦ ይታያል?

መንዝን፣ ግሼንንና መርሐ ቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ርቀትን በዓይኑ ሲገምት ደጋግሞ ይሳሳታል። ዓይኑ ሰንፎ አይደለም፤ ምክንያቱ የመሬቱ ቅርጽ ነው። እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንየው።

ርቀትን የምናውቀው ሁለት ዓይን ስላለን ብቻ ይመስለናል። ለቅርብ ነገር ይህ በእርግጥ ይረዳል። ሆኖም በዓይኖቻችን መካከል ያለው ክፍተት ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመን ዛፍ ቀኙም ግራውም የሚያዩት ከሞላ ጎደል በአንድ መልክ ነው። ለሩቁ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ያ መለኪያ ከእግራችን ተነሥቶ እስከምናየው ነገር የተዘረጋው መሬት ነው።

መሬቱ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛውን የገጽታ መድቀቅ እንበለው። መንዝ ውስጥ ጓሳ ሜዳ ላይ ቆመው ወደ እግርዎ ቢመለከቱ የሣሩን ዘለላ አንድ በአንድ ይለዩታል። ቀና ሲሉ ዘለላው እየደቀቀና እየተጠጋጋ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። አእምሮ ከዚህ አደቃቀቅ ርቀትን ያነባል።

ሁለተኛው የዝቅታ ማዕዘን ነው፤ ይኸውም የአንድን ነገር ግርጌ ለማየት ዓይን ከአድማስ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ማለት ነው። ዓይንዎ ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ቢል፣ 4 ሜትር ላይ ላለ ድንጋይ 22 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል፤ ለ16 ሜትር 6 ዲግሪ ገደማ፤ ለ100 ሜትር ግን ከ1 ዲግሪ በታች። ርቀቱ ሲጨምር ማዕዘኑ እጅግ ስለሚጠብ፣ ትንሽ የመሬት ዘንበል ማለት ትልቅ ስሕተት ያመጣል። ሜዳ የመሰለዎት መስክ በ100 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ብቻ ቢያሽቆለቁል፣ ጫፉ ላይ የምትግጥ በግ ኮቴ ከዓይንዎ 2.6 ሜትር ዝቅ ይላል። በማዕዘኑ ብቻ ተመርተው መሬቱን ለጥ ያለ አድርገው ከወሰዱት በጓ 62 ሜትር ላይ ያለች ትመስላለች። መስኩ በዚያው መጠን ከፍ ቢል ደግሞ ወደ 267 ሜትር ትርቃለች።

እስካሁን ያየነው ያልተቋረጠ መሬት ነው። ሲቋረጥስ? እ.ኤ.አ. በ1998 ሲናይ፣ ኡይ እና ሂ የተባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች መሬቱ ሳይቋረጥ ርቀትን በትክክል ገምተዋል። መካከል ላይ ጉድጓድ ሲኖር ግን ከእውነቱ አብዝተው፣ መሬቱ ከፊሉ ኮንክሪት ከፊሉ ሣር ሲሆን ደግሞ አሳንሰው ገምተዋል። የስሕተቱ አቅጣጫ ይለያያል፤ መነሻው ግን አንድ ነው፦ ዓይን የሚከተለው ገጽ ተቆርጧል።

አሁን ደግሞ መካከሉ ጭራሹን ከዓይን ሲሰወር ለማየት፣ ከለሚ ከተማ በኩል ሆነው በጀማ ሸለቆ ማዶ ያለውን መርሐ ቤቴን ያስቡ። ከአፋፉ ጥቂት ፈንጠር ብለው ከቆሙ ወንዙም ገደሉም አይታዩም። የወዲህኛው ሜዳ ጠርዝና የወዲያኛው አምባ በዓይንዎ ውስጥ ይገናኛሉ፤ በመካከል ያለው ረጅም ቁልቁለትና ዳገት ከሒሳቡ ይወጣል። ይህን ዓይነቱን መሳሳት በ11ኛው ክፍለ ዘመን የእይታ ሊቁ ኢብን አል ሃይሰም በሁለት ግድግዳዎች አስረድቶታል፤ በመካከላቸው ያለው መሬት ሲሸፈን ግድግዳዎቹ የተጠጋጉ ይመስላሉ። ክረምት ሲወጣ ደግሞ አየሩ ስለሚጠራ ማዶው ይበልጥ ቀርቦ ይታያል።

ስለዚህ በዚህ አገር ርቀት ሲገምቱ መጀመሪያ እስከ አፋፉ ይጠጉ። የሸለቆው ወለል ሲታይ የተቆረጠው መሬት በከፊል ይመለስልዎታል። ቀጥሎ ማዶውን በአንድ ዝላይ አይገምቱ፤ ቁልቁለቱን፣ ወለሉንና ዳገቱን ለየብቻ ገምተው ይደምሩ። በመጨረሻም የአገሩን ሰው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ይጠይቁ። እሱ መንገዱን በእግሩ ስለሚያውቀው፣ ዓይን የዘለለው ቁልቁለትና ዳገት በመልሱ ውስጥ ተቆጥሯል።