ወፍራም ሽቦ ሁልጊዜ አያድንም
ሞላ (ስፕሪንግ የምንለው ማለቴ ነው) ተሰብሮ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሲኬድ ቶሎ አፍ ላይ የምትመጣ ጥያቄ አለች፤ «ከዚህ ወፈር ያለ የለም?» እኔም ስጠይቃት ኖሬያለሁ። ለአንዳንዱ ሞላ ልክ ናት፤ ለሌላው ግን የመሰበሪያውን ቀን ታቀርባለች።

መጀመሪያ ሞላው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሠራ እንቁጠር። የመኪና ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 1,500 ጊዜ ይከፈታል፤ ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ቫልቭ በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚከፈተው። በሰዓት 90,000 ጊዜ ማለት ነው። የቫልቩ ሞላ 10 ሚሊዮን ለመሙላት 111 ሰዓት ይበቃዋል። በቀን 100 ጊዜ የሚሠራ የበር ሞላ ግን እዚያ ለመድረስ ከ270 ዓመት በላይ ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ዓይን አይቶ መግዛት አይቻልም።

አንዴ ተጭኖ ያልሰበረው ሸክም ሲመላለስበት ብረትን ይሰብረዋል። ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ የባቡር አክስሎችን እየፈተነ ያሳየው ይህንን ነው። ዕድሜን የሚወስነው የሸክሙ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ውፍረቱ። ሞላው የተወሰነ ክብደት የሚሸከም ከሆነ ማወፈር ያግዛል፤ በጣም ያግዛል። ማሽኑ ሞላውን በተወሰነ ርቀት የሚጫነው ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ካምሻፍቱ ቫልቩን ሁልጊዜ 10 ሚሊ ሜትር የሚገፋው ከሆነ፣ ነገሩ ይገለበጣል። የጥቅልሉ ስፋትና የዙሩ ብዛት ሳይቀየር ሽቦው እጥፍ ቢወፍር፣ ለመጫን የሚፈልገው ጉልበት 16 እጥፍ፣ በሽቦው ውስጥ ያለው ውጥረት ደግሞ እጥፍ ያህል ይሆናል። እዚህ የሚያዋጣው ዙር መጨመር ወይም ጥቅልሉን ማስፋት ነው፤ ቦታ ካለ። ችግሩ፣ ቦታ የሚተርፈው ማሽን ብዙ አላየሁም። ዙሩ ከመጠን ሲበዛም ፈጣን ሞተር ላይ ሞላው በራሱ መርገብገብ ይጀምራል።

የተሰበረ ሞላ እጅዎ ላይ ካለ ስብራቱን ብርሃን ላይ ይዩት። ብዙ ጊዜ ከአንድ ጠርዝ የምትነሳ ለስለስ ያለች ቦታ አለች፤ ስንጥቁ ቀስ እያለ የተጓዘባት ናት። ሻካራው በመጨረሻዋ ቅጽበት የተበጠሰው ነው። በሚጫን ሞላ ላይ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የጥቅልሉ ውስጠኛ ጎን ነው፤ ውጥረቱ የሚበረታው እዚያ ነውና። ጥቅልሉ ሲጠብ ይብሳል፤ ስለዚህ ስፋቱ ከሽቦው ውፍረት 4 እጥፍ ባይወርድ ይመረጣል።

ስንጥቅ ከቆዳ ስለሚጀምር ፋብሪካዎች ቆዳውን በደቃቅ የብረት ጥይቶች ይቀጠቅጡታል። የተቀጠቀጠው ቆዳ ይታመቃል፤ ስንጥቅ እንዳይከፈት ይይዛል። በመሐንዲሶች ዘንድ በታወቀው የዚመርሊ ውጤት መሠረት፣ ከ10 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ሽቦ ሳይሰበር የሚችለው የውጥረት መዋዠቅ ያለ ቅጥቀጣ 241 ሜጋፓስካል ገደማ ሲሆን ከተቀጠቀጠ በኋላ 398 ይደርሳል። የሽቦው ዓይነት ሳይለወጥ፣ በቆዳው ብቻ!

ዝገት ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል፤ እያንዳንዱ የዝገት ጉድጓድ አዲስ የስንጥቅ መነሻ ነው። የሚያብረቀርቅ ልባጥም አያታልልዎ። በኤሌክትሪክ ሲለበጥ ሃይድሮጅን ወደ ጠንካራው ብረት ይገባል፤ ወዲያው 200 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ላይ ለሰዓታት ካልቆየ ሞላው ሳይታሰብ ይበጠሳል።

ሱቅ ሲሄዱ የተሰበረውን ይዘው ይሂዱ። ከዚያ በፊት ግን ማሽኑ ላይ ሁለት ርዝመት ይለኩ፦ ሞላው በትንሹ ሲጫንና በትልቁ ሲጫን። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስም አብረው ይጻፉ።