ንጹሑን ወረቀት ቀድመን እናበላሸው

ጳጉሜ ሲገባ ጠረጴዛዬ ላይ ጋዜጣ አነጥፋለሁ። ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ የእንቁጣጣሽ ካርድ በእጄ መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያው ዓመት ታሪኬ ግን አያኮራም። አሥራ ሁለት ወፍራም ነጭ ወረቀት ቆርጬ፣ አጥፌ ደረደርኩ፤ የጨረስኩት ሦስቱን ብቻ ነው። እርሳሱን አነሣለሁ፣ ወረቀቱን አየዋለሁ፣ «ባበላሸውስ?» እላለሁ፣ ከዚያ ተነሥቼ ቡና እጥዳለሁ። ዘጠኙ ወረቀቶች ንጣታቸው ሳይነካ መሳቢያ ገቡ።

ይህች ተነሥቶ ቡና የመጣድ ነገር የእኔ ብቻ አትመስለኝም። ቆንጆ ደብተር ገዝቶ «ደህና ሐሳብ እስኪመጣ» የመጀመሪያውን ገጽ ባዶ የሚያቆይ ስንት ሰው አለ! የክት ነው ብለን ያስቀመጥነው ልብስ እኮ አንድ ቀን ሳንለብሰው ይጠበናል።

መፍትሔው የመጣልኝ ካልጠበቅኩት ቦታ፣ ከጀሶ ነው።

አዎ፣ ጀሶ። እጁ የተሰበረ ሰው የሚታሰርበት፣ የቤት ኮርኒስ የሚያምርበት፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ከእንጀራ ጋር ተቀላቀለ ተብሎ አገር ያወራበት። ቃሉ እንደ ጎሚስታና ላቫጆ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ሠዓሊዎች ግን በዚሁ ስም የሚጠሩት ሌላ ነገር አላቸው፤ እንጨቱ ወይም ሸራው ቀለም ከመንካቱ በፊት የሚቀባ ነጭ ቅብ። የጥንቱ የሠዓሊ ጀሶ የድንጋይ ዱቄትና ከእንስሳት ቆዳ የሚወጣ ሙጫ ነበር። በ1400 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ገደማ የሥዕል ሙያ መመሪያ የጻፈው ጣልያናዊው ቼኒኖ ቼኒኒ፣ ለላይኛው ልስልስ ቅብ የሚሆነውን ጀሶ አንድ ወር ሙሉ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በየቀኑም አማስሉት ይላል። አንድ ወር! ያውም ማንም ለማያየው ቅብ። በእኛም አገር ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሠዓሊ ከፍሬ ጽዮን ዘመን፣ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የደረሱን በእንጨት ላይ የተሣሉ የእመቤታችን ሥዕሎች ከቀለሙ ሥር እንዲህ ያለ ነጭ ቅብ አላቸው። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎራ ስትሉ፣ የድሮ ሥዕል ጠርዙ ላይ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ፈልጉ፤ ብቅ ሊልላችሁ ይችላል።

ዛሬ በዕቃ ታሽጎ የሚሸጠው የሠዓሊ ጀሶ በአክሪሊክ የተሠራ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣ። ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ ስለሚለመጥ ለሚታጠፍ ካርድ ይመቻል።

የሠዓሊውንና የሕንፃውን ጀሶ ልዩነት የተማርኩት በውርደት ነው። በሁለተኛው ዓመት «ጀሶ ጀሶ ነው» ብዬ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የኮርኒሱን ገዛሁና በውኃ በጥብጬ ካርድ ላይ ለቀለቅኩት። ሲደርቅ እንዴት ያምራል! አጥፌ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቼ ለአክስቴ ላክሁ። በበዓሉ ማግስት ደወለች፦ «እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ፤ ካርዱንም ዱቄቱንም አግኝቻለሁ።» ፖስታውን ስትከፍት የተሰነጣጠቀው ጀሶ ጥቁር ቀሚሷ ላይ ተራግፎ ኖሯል። የሕንፃው ጀሶ ውኃ ሲነካው ሞቅ ብሎ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋይ ደግሞ አይታጠፍም።

የሠዓሊው ጀሶ ከተወደደባችሁ ወይም ካጣችሁት እቤት የሚሠራ ምትክ አለ። አንድ ማንኪያ ነጭ ኮላ፣ አንድ ማንኪያ ነጭ የውኃ ቀለም፣ ተፈጭቶ የተነፋ ጠመኔ ደግሞ እንደ ወፍራም እርጎ እስኪሆን ድረስ። ስትፈጩ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ለሙዚየም አይሆንም፤ ለአክስት ካርድ ግን ይበቃል። ኮላው ይይዘዋል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። ወረቀቱ ወፍራም ይሁን፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚባለው ዓይነት፤ ስስ ከሆነ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላል። ዳር ዳሩን በፕላስተር ከጠረጴዛው ጋር አጣብቁት። እጥፋቱ የሚያርፍበትን መስመር አንድ ጣት ያህል ሳትቀቡ ተዉት። ከዚያ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ጫፍ ላይ ጀሶውን አንሡና ጎተት። እኩል አይሆንም። አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ወረቀቱ ይታያል። እሰይ! እኩል ቢሆንማ ምኑን ካርድ አደረግነው፤ ግድግዳ ነው።

ገና እርጥብ ሳለ ጥቂት ደቂቃ አላችሁ፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። ሚዶ ውሰዱና ከላይ ወደ ታች ሳቡት፤ የታረሰ ማሳ ይወጣል። ሹካ ሲጎተት ዝናብ ይመስላል። ከካርቶን ላይ የላይኛውን ልጣጭ ገሽልጣችሁ ሞገዱን ብትጫኑበት የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። የኬሻ ቁራጭ ሽመናውን ያትማል። የእኔ ሁነኛ ግን ዳንቴል ነው፤ እናቴ ቴሌቪዥን ላይ ታነጥፈው ከነበረው የተቀደደች አንዲት ቁራጭ አለችኝ። ወረቀቱ ላይ አንጥፌ፣ በላይዋ ጀሶ ለቅልቄ፣ ቀስ ብዬ ከጫፏ አነሣታለሁ። የቀዳዳዎቿ ቅርጽ ከፍ ብሎ ይቀራል። ዳንቴሏን ወዲያው ማጠብ ነው፤ አክሪሊክ አንዴ ከደረቀ አይለቅም፤ ሁለት ብሩሾቼን የቀበርኩት በዚህ ነው።

ስስ ቅብ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል፤ ወፈር ያለው፣ በተለይ በጳጉሜ እርጥበት፣ ይደር። ቸኩላችሁ የፀጉር ማድረቂያ ካስጠጋችሁበት ይኩረፈረፋል። ወረቀቱ ከጎበጠ፣ ከደረቀ በኋላ ከባድ መጻሕፍት ሥር አሳድሩት፤ የተቆረፈደ ጫፍ ካለው ብርጭቆ ወረቀት አስነኩት።

ቀለሙ ሲመጣ ነው ሰው የሚገረመው። ቢጫ የውኃ ቀለም በብዙ ውኃ አቅጥኑና አፍስሱበት። ቀለሙ ራሱ እየሮጠ ጎድጓዳውን ይሞላል። ሊደርቅ ሲል እርጥብ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ በላዩ ስታሻሹት ከፍ ያለው ይነጣል፣ ዝቅ ያለው ቢጫውን ይዞ ይቀራል። ሚዶው የጎተተው መስክ አደይ ያበበበት ይመስላል፤ አበባ የሣለ ማንም ሳይኖር። ቡናማ ካማራችሁ የቡናውን አተላ አጥልላችሁ ቀቡት። ያ ከወረቀቱ ስሸሽ የምጥደው ቡና ዛሬ ቀለሜ ሆኗል።

አንድ ነገር ብቻ፦ በቀጭን ብዕር አትጻፉበት፤ የጀሶው ሻካራነት ጫፉን ይፈጀዋል። «እንኳን አደረሳችሁ»ን በሌላ ቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉት።

ልብ ካላችሁ የአሮጌዎቹን ሠዓሊዎች ሥራ ገልብጠነዋል። እነሱ ለልስላሴው ወር የደከሙበትንና በቀለም የሸፈኑትን ቅብ እኛ አሻክረን አደባባይ አወጣነው። ወረቀቱን የደፈርኩትም ለዚህ ነው። ንጹሕ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር ከጠመመ ጠመመ ነው። ሚዶ ያረሰው ወረቀት ላይ ግን የጠመመውን ከቀናው ማን ይለየዋል? ካላማራችሁም በላዩ እንደገና ቅቡበት፤ ከሥር የቀረው ጉብታ ለሚቀጥለው ጌጥ ይሆነዋል። ያጠፋችሁት ሁሉ ንብረት ሆኖ ይቆያችኋል።

ልጅ ሳለን ይህን ሁሉ ማን ነገረን? ለእንቁጣጣሽ ከደብተር መሐል ወረቀት ገንጥለን፣ በሦስት ከለር መልአክ ሥለን፣ ደጅ ለደጅ አልዞርንም? የእኔ መልአክ አንድ ክንፉ ከሌላው ይረዝም ነበር። ጎረቤታችን የነበሩ አሮጊት ሳንቲሙን ሰጥተውኝ፣ መርቀውኝ፣ ሥዕሉን ከግድግዳቸው ለጠፉት፤ ለከርሞው በዓል ስሄድም እዚያው ነበር። «ባበላሸውስ?» የምትባል ጥያቄ ያኔ አታውቀኝም ነበር።

እናንተም ዛሬ ማታ ጀምሩ። የእጃችሁን መዳፍ የምታህል ቁራጭ ወረቀት ቁረጡ፤ ለማንም አትላክም፣ ለመበላሸት የተዘጋጀች ናት። ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ሹካ፣ ጥቂት ጀሶ። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፤ በጀሶ የተለወሰ ጣት ለስክሪን አይበጅም።

እኔ ዘንድሮ ያንን መሳቢያ ከፍቼ ዘጠኙንም ወረቀት አወጣሁ። ጠርዛቸው ትንሽ ወይቧል። ስምንቱ ተቀብተው መስኮቱ ሥር ተሰጥተዋል። ዘጠነኛው የአክስቴ ነው፤ ሚዶውን ስስብበት እጄ አደናቀፈኝና መሐሉ ላይ እንደ ወንዝ ታጠፈ። ሰማያዊ አፈሰስኩበት።