በዲምቱ ሕንፃ ለሚያሠራ የውጭ ነዋሪ፤ ስለ ጉዳትና ስለ ትርፍ አከፋፈል

በባዕድ አገር በብዙ ድካም ያጠራቀመውን ጥሪት ከሶዶ በስተምሥራቅ ባለችው ዲምቱ የኪራይ ቤት ሊያደርገው የሚያስብ የወላይታ ተወላጅ፣ ከሥራ ተቋራጭ ጋር ሲዋዋል አስቀድሞ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ የዋጋውን ማነስ ነው፤ ነገር ግን ከዋጋው ይልቅ ሊመረመር የሚገባው፣ ያልታሰበ ነገር በደረሰ ጊዜ ጉዳቱ በማን ላይ እንዲያርፍ፣ ቁጠባም በተገኘ ጊዜ ጥቅሙ ለማን እንዲሆን ውሉ የሚደነግገው ቃል ነው።

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ በለቀቀ ጊዜ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ወራት ሲሚንቶውንና ፌሮውን ጨምሮ በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ተቋራጭ ሥራውን ጥሎ ከመሄድ ወይም ፌሮውን ከማቅጠን በቀር ምን መውጫ አለው? የአሠሪው ገንዘብ ግን በዶላር የተቀመጠ እንደ መሆኑ መጠን፣ ተቋራጩን ያከሰረው ያው ለውጥ የእርሱን ብር አበርክቶለታል። ስለዚህ የዕቃ ዋጋ ጭማሪን አሠሪው ቢሸከም፣ ዕቃውንም ራሱ ገዝቶ ሥራውን በእጅ ዋጋ ቢሰጥ፣ ቸርነት ሳይሆን ማስተዋል ነው።

የእጅ ዋጋ ውል ግን የራሱ ደዌ አለው፤ ሲሚንቶው የሌላ ሰው ሲሆን የሚሳሳለት አይገኝም። ለዚህ መድኃኒቱ፣ ከብቱን ለሌላ ሰጥቶ አስረብቶ ትርፉን እንደሚካፈል ገበሬ፣ መሐንዲስ በቅድሚያ ከገመተው የተረፈውን ዕቃ ዋጋ እኩል መካፈል፣ የባከነውንም እንዲሁ እኩል መክፈል ነው፤ ይሁን እንጂ ቁጠባው ከቡኬቱ የተሰረቀ እንዳይሆን፣ የኮንክሪቱ ጥንካሬ በገለልተኛ ሰው ሳይመረመር አንድ ብር እንኳ አይከፈል።

የመሬቱን ጠባይ አሠሪው ይሸከም፤ ቦታውን የመረጠ እርሱ ነውና፣ ከመዋዋሉ በፊት ጉድጓድ አስቆፍሮ ያስመርምር። የአሠራሩን ጉድለት ግን ተቋራጩ ይሸከም፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ለሥራው ጽናት 10 ዓመት ዋስ ያደርገዋልና። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረም።

አሠሪው በውጭ ሳለ በውክልና የሚሠራለትን ወንድሙን ግን ከፋይም፣ የሥራ መርማሪም አድርጎ መሾም (ምንም እንኳ ታማኝ ቢሆን) እርሱንም መፈተን ነው፤ ሥራው እስከዚህ ደርሷል ብሎ የሚመሰክረው ሌላ ይሁን። ከየክፍያው የሚቀነሰውም መያዣ ርክክቡ እንዳለቀ አይለቀቅ፤ ጣሪያው አንድ ክረምት ዝናብ ከመታው በኋላ ይከፈል።