አንገታችንና ትከሻችን ምን ይናገራሉ?



ሰው አፉን ሳይከፍት የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። በአንገቱ ያሠረው ክር፣ በጆሮው ያንጠለጠለው ጉትቻ፣ በትከሻው የጣለው ነጠላ፣ በእጁ የያዘው ዘንግ ከእርሱ ቀድመው ስለ እርሱ ይመሰክራሉ። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የምንመረምረው ጥያቄ «ጌጥ ይገባናል ወይስ አይገባንም?» የሚል ሳይሆን «ያጌጥንበት ነገር ምን እያለ እንደ ሆነ እናውቃለን ወይ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ እኔ የተማርሁት በመጽሐፍ አይደለም፤ እዚሁ እንጭኒ በልቅሶ ቤት ነው።

የጓደኛዬ እናት ባረፉ ጊዜ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። መርዶውን የሰማሁት ከክርስትና ግብዣ ስመለስ በመንገድ ላይ ነው። ስለ ደነገጥሁ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ሮጥሁ። በጆሮዬ ትልልቅ ቀይ ጉትቻ ነበረ፤ ነጠላዬም ባለ ቀይ ጥበብ ሲሆን ጥበቡ ወደ ታች ተዘርግቶ ይታይ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥበቡን ወደ አንገታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። እኔም በመካከላቸው ተቀምጬ አለቀስሁ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት አሮጊት ጎረቤት መጡና ነጠላዬን ከትከሻዬ አንሥተው ገለበጡልኝ። ቀስ ብለውም፣ «ልጄ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ ነጠላሽ ግን ይስቃል» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ሸሸችኝ። በመንገድ ስንገናኝ አንገቷን ታዞር ጀመር። በመጨረሻ ምክንያቱን ብጠይቃት፣ «ያን ቀን ሁሉን አይ ነበር። አንቺ ብቻ ከግብዣ የመጣሽ ትመስዪ ነበር» አለችኝ። እንባዬን አላየችም፤ ያየችው ጥበቤን ነው። እኔ በእርሷ ብሆን ኖሮ ምን አስብ ነበር? እንግዲህ ከዚህ ተነሥቼ አራት ነገሮችን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ የለበስነው ነገር ቃል ስለ ሆነ ትርጕሙን እንወቅ። ነጠላ አንድ ጨርቅ ቢሆንም አለባበሱ ብዙ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መስቀለኛ እናጣፋዋለን፤ በኀዘን እናዘቀዝቃታለን፤ በድሮ ጊዜ ሰው በታላቅ ፊት ሲቆም ሸማውን በወገቡ አደግድጎ ነበር። ይህን ንግግር አያቶቻችን ያለ አስተማሪ ያነቡታል። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ከልባሽ ጨርቅ ገበያ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈበት ቆብ ወይም ሹራብ እንገዛለን። አንዱን ጓደኛችንን «ቆብህ ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው?» ብለው «እኔ እንጃ፣ ቀለሙ ደስ ብሎኝ ነው» አለኝ። ቀለም መውደድ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሰው ያልገባውን ቃል በአፉ አይናገርም፤ በግንባሩ ተሸክሞት ሲዞርስ ለምን አይጠይቅም?

ሁለተኛ፣ ያሠርነው ነገር እኛንም ያሥረናል። ማተብን እንመልከት። በክርስትና ቀን በሕፃኑ አንገት የሚታሠር ተራ ክር ነው፤ በገንዘብ ቢገመት ከሳንቲም አያልፍም። ሆኖም ቋንቋችን ራሱ ከባድ ዕዳ ጭኖበታል። ታማኙን ሰው «ማተብ ያለው» እንለዋለን፤ ከሐዲውን «ማተብ የለሽ» እንለዋለን፤ ሰውም «በማተቤ!» ብሎ ይምላል። ስለዚህ ማተብ አሥሮ ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ገበሬውን ብቻ አይደለም የሚበድለው፤ በአንገቱ ያለውን ክር ውሸታም ያደርገዋል። ማንም ምልክት ሲያሠር፣ መስቀልም ይሁን የእግር ኳስ ቡድን ዓርማ፣ ምግባሩ በዚያ ምልክት ስም ይቈጠራል።

ሦስተኛ፣ ምልክት በፈቃድ ሲሆን ነው የልብ ቃል የሚሆነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሕዝቡ በግንባሩና በእጆቹ ላይ የእምነት ቃልና የሰይጣን መካጃ ቃል እንዲጽፍ አዝዘው እንደ ነበር ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ትእዛዙን ያልፈጸመ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። ንጉሡ ብዙ የደከሙና ብዙ መጻሕፍት ያስጻፉ ሰው ነበሩ። ዳሩ ግን በፍርሃት የተጻፈ ግንባር የባለቤቱን ልብ ምን ያህል ይገልጻል? ያመነውም የፈራውም አንድ ዐይነት ጽሑፍ ተሸክመው ነበርና ተመልካች ሊለያቸው አይችልም። እኛም ጓደኞቻችን ስላደረጉ ብቻ፣ እንዳይስቁብን ብለን ብቻ የምናደርገው ጌጥ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የሚያስፈራን ንጉሥ ሳይኖር በራሳችን ላይ ንጉሥ አነገሥን ማለት ነው።

በፈቃድ የተያዘ ምልክት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ግን ከአገራችን ሴቶች እንማር። በኦሮሞ ባህል ሴት ስታገባ ሲንቄ የምትባል ቀጭን ዘንግ ትቀበላለች። ዘንጓ ለመምቻ አይደለችም። ባል ሚስቱን ቢበድል ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ ጥሪዋን የሰሙ የጎረቤት ሴቶችም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ ነገሩ በሽማግሌ ታይቶ በዳዩ እስኪክስ ድረስ ዝም አይሉም። ሁለት ወገን ሲጋጭ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ከቆሙ ሰው አልፏቸው ሊማታ አይገባውም። ሲንቄ የምትከበርበት የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አስተውሉ! ቀጭን ዘንግ ናት፤ ክብደቷ ያዢዋ ለቃሏ በመቆሟና ሌሎቹ አብረዋት በመውጣታቸው ነው። «ይህ በደል ነው» የሚለውን አሳብ ያለ ጩቤና ያለ ስድብ ትናገራለች።

አራተኛ፣ የራሳችንን ስንናገር የሌላውንም እንስማ። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ያን ጊዜ አጭር ቀሚስ አዲስ ነገር ነበረ። ብዙ ተማሪዎች «ይህ የባዕድ ባህል ጭነት ነው» ብለው ተቃወሙ። ተቃውሞ መብት ነው፤ ምክንያታቸውም ሊያከራክር ይችላል። ነገር ግን ነገሩ በክርክር አልቀረም፤ ትርኢቱን ሊያዩ የመጡ ሴቶች ተሰደቡ፣ ተንገላቱም። የለውጥ አሳብ ያላቸው ወጣቶች የእኅቶቻቸውን ቀሚስ በእጃቸው ፈረዱበት። ዛሬም በመንገድ የምታልፈውን ልጅ በሱሪዋ፣ ጸጉሩን ያሳደገውን ልጅ በጸጉሩ ምክንያት የምንሰድብ ሁሉ ያንኑ ስሕተት እንደግማለን። ጌጡ ደስ ካላለን ባለቤቱን እንጠይቀው፤ ምናልባት ነጠላው የሚስቅበት፣ እርሱ ግን የሚያለቅስ ሰው ይሆናል።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። የእናቷ አርባ በወጣበት ቀን ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጆሮዬን ባዶ አድርጌ ሄድሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳያት ግን ሁሉም ጠፋብኝ። እርሷም ነጠላዬን ዝቅ ብላ አየች፤ ቀጥሎም በአግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ቀዩን ጉትቻ ዛሬም አደርገዋለሁ፤ እወደዋለሁና። ነገር ግን ከበር ከመውጣቴ በፊት ወዴት እንደምሄድ ራሴን እጠይቃለሁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. ዛሬ ካደረጋችሁት ጌጥ ወይም ልብስ ትርጕሙን የማታውቁት አለን? ማንን ልትጠይቁ ትችላላችሁ?

2. ሌላው ስላደረገ ብቻ ያደረጋችሁት ምልክት አለን? ብቻችሁን ብትሆኑስ ታደርጉት ነበርን?

3. ሰውን በጌጡ ብቻ ፈርዳችሁ ኋላ የተጸጸታችሁበትን ጊዜ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።