ቀና በልና እይ

ባለፈው ሰሞን አንድ የደባርቅ ወጣት በቴሌግራም ምስል ላከልኝ። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ እንግዶችን ስሜን ተራሮች ላይ ሊያስጎበኝ ነው። ገጹ ተከፍቷል፤ የቀረው መለያ ምስል ብቻ ነው። «እስኪ እየውና ንገረኝ፣ ጋሼ» ይላል። ከፈትኩት። የፋሲል ግንብ አለ፣ ራስ ዳሸን አለ፣ ዋልያ አለ፣ ጭላዳ አለ፣ ባንዲራ አለ። የድርጅቱ ሙሉ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል፤ ከሥሩ ሁለት ስልክ ቁጥር። ትጋቱ ያስቀናል! ግን ስልኬ ላይ ያቺ ጥፍር የምታህል ክብ ውስጥ ሲገባ ማዕዘኖቹ ተቆረጡ፤ ራስ ዳሸንን የሚያህል ተራራ ከነስልክ ቁጥሩ ጠፋ። የተረፈው የፈሰሰ ወጥ ይመስላል።

«ጎንደር ስትወርድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግባና ቀና በል» አልኩት።

ይህ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ከተረፉት አንዱ ነው (ንብ ጠበቀው ይላሉ ጎንደሮች)። ጣሪያውን የሞሉት መላእክት አካል የላቸውም። ፊትና ክንፍ፣ አለቀ። ሠዓሊው አካል መሣል አቅቶት እንዳይመስልህ፤ ግድግዳው ላይ ፈረሱም ፈረሰኛውም አለ። ነገር ግን ጣሪያውን የሚያየው ሰው ከታች ቆሞ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ወደ ላይ አንጋጦ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ከሩቅ የማይለየውን ትቶ የሚለየውን ያገነነው፦ ትልልቅ ዓይን፣ ጉልህ መስመር፣ ጥቂት ቀለም። ከሩቅ የሚታይ ነገርና አንሶ የሚታይ ነገር ለዓይን አንድ ነው። ወዳጄ፣ ስልክህ ላይ ያለችው ክብ ያ ጣሪያ ናት።

በነገራችን ላይ፣ በጥንቱ ሥዕላችን ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲቀርቡ፣ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። መለያህ የራስህ ፎቶ ከሆነ ጥቁር መነጽርህን አውልቅ።

ልጁን የከበደው መሣሉ ሳይሆን መተው ነበር። «ግንቡ ካልገባ እንዴት ጎንደሬ እሆናለሁ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ግንቡን አሁን ማንም የራሱ ሊያደርገው አይችልም እላለሁ፤ ሆቴሉም ካፌውም ፎቶ ቤቱም ወስዶታል። የደባርቅ ልጅ እጅ ላይ ግን ዋልያ አለ። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዋልያ በዱር የሚኖረው እዚያ ብቻ ነው። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ሲወርድ በጥቁር ጥላ ብቻ እንኳ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ ፓንዳን ለምልክትነት ሲመርጥ አንዱ ምክንያት ጥቁርና ነጭ መሆኑ ነበር፤ የኅትመት ወጪ ይቀንሳል። ገንዘብ ማጣት እንዲህ ውበት የሚያመጣበት ጊዜም አለ፤ አንተም አንድ ቀለም ብቻ ካለህ አትከፋ።

ስምህን ምስሉ ውስጥ አትጠቅጥቅ፤ አጠገቡ ራሱ ይጻፋል። ፊደል ካማረህ አንድ፣ ወፈር ያለች። ዋናውን ነገር መሐል አድርገው፣ ክቡ ዳር ዳሩን ይበላልና። ከዚያ ስልክህን ይዘህ ፀሐይ ላይ ውጣ፣ ክንድህን ዘርጋ፣ ዓይንህን ጨፈን አድርገህ እይ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደህ በጥቁርና ነጭ አሳትመው። ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ለአፍታ አሳየውና ያየውን ጠይቀው፤ አንተ ግን አታስረዳ! ካላወቀው ተመለስና ቀንስ። ያልተገላበጠ ያራል።

ልጁ ስድስት ጊዜ ላከልኝ፣ ስድስት ጊዜ መለስኩለት። በሰባተኛው አንድ የተቆለመመ ቀንድ፣ ራስና አንገት፣ ከሥሩ የተራራ ጠርዝ የሆነች አንዲት መስመር መጣች። ከምስሉ ቀጥሎ የድምፅ መልእክት ነበር። እናቱን አሳይቷቸው ኖሯል፤ ሲስቁ ይሰማል።

«ዋልያውስ ዋልያ ነው፤ እግሩን የት አደረግኸው?»